የወንጪ አቧራ እና የሾፌራችን ቀበቶ

ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ በበጋ በዚያ የተጓዘ ሰው ልብሱ ይመሰክርበት ነበር። የመኪናው መስኮት ቢዘጋም አቧራው መግቢያ አያጣም። እንደ በርበሬ የላመ ቡናማ አቧራ ነው፤ ፀጉር ላይ፣ ቅንድብ ላይ፣ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። የደኅንነት ቀበቶውን አስሮ የሄደ ሰው ከሐይቁ አፋፍ ያለችው ሐሮ ወንጪ ደርሶ ቀበቶውን ሲፈታ ግን፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ አቧራ ያልነካው ንጹሕ መስመር ደረቱ ላይ በሰያፍ ይታያል። ያላሰረ ሰው ደረቱ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ነው።

ይህን መስመር እኛ «ሰያፍ» እንለው ነበር። እኛ ማለት ሦስት ሰዎች ነን። እኔ ዜና እጽፋለሁ፣ ካሜራማናችን ይቀርጻል፣ ሾፌራችን ወስደው ይመልሱናል። የማወራው ከሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ወዲህ ስላሉት ጥቂት ዓመታት ነው። እነዚያ ዓመታት ለአምቦ ቀላል አልነበሩም። ያየሁትን በጊዜው ዘግቤዋለሁ፣ እዚህ አልመለስበትም። እዚህ የማስታውሰው መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ተራ ቀናት፣ በአንዲት ነጭ ፒክአፕ ውስጥ የነበረውን ኑሯችንን ነው።

ፒክአፗ አዲስ ሆና ነው የመጣችልን። ደብል ጋቢና ናት፤ ከፊትም ከኋላም ወንበር አላት፣ ከዚያ ወዲያ ክፍት የጭነት ካሶኒ። ከቀድሞዋ መኪናችን ዋናው ልዩነቷ ጩኸቷ ነበር። ከፊት የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረ ቀይ መብራት ይበራና «ቲን፣ ቲን፣ ቲን» ትላለች፤ እስኪያስር አትተወውም። አዲስነቷን ሊያይ ወደ ግቢያችን የመጣ ሰው ሁሉ የጠየቀው ስለ ሞተሯ አልነበረም፤ ይህ ድምፅ እንዴት እንደሚጠፋ ነበር። መልሱን ደግሞ አምቦ ውስጥ የማያውቅ ሾፌር የለም። ቀበቶውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ዘርግተህ ትቆልፈዋለህ፣ ከዚያ ጀርባህን ሰጥተኸው ትቀመጣለህ። መኪናዋ የታሰርክ ይመስላታል፣ አንተም እንደ ልብህ ትሆናለህ።

ድምፅ በሌላቸው መኪኖች ቀበቶ የሚታወሰው ትራፊክ ፖሊስ ሲኖር ነው። ከፊት የሚመጣው ሾፌር መብራቱን ብልጭ ያደርጋል፤ ይኼኔ ጋቢና ያለው ተሳፋሪ ቀበቶውን ስቦ፣ ሳይቆልፍ፣ በእጁ ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ትራፊኩ ከታለፈ በኋላ ይለቀዋል። ከአምቦ እስከ ጊንጪ በሚኒባስ ስሄድ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። ማንም አይስቅበትም፣ ማንም አያፍርበትም። የጉዞው አንድ ክፍል ነበር።

ሾፌራችን የመጀመሪያ መንጃ ፈቃዳቸውን ያወጡት የከተማችን የአምቦ ስም በወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ተብሎ በሚጻፍበት ዘመን ነው። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲቃረብ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። አጭርና ደንዳና ሰው ነበሩ፤ ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው የማይወርድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነበራቸው። የፒክአፗን ጩኸት ከሁላችን መካከል የወደዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። በቀድሞዋ መኪና «እሰሩ» እያሉ የሚጮኹት ራሳቸው ስለነበሩ፣ አሁን ሥራዬን አቀለለችልኝ ይሉ ነበር። የኋላው ወንበር ግን ድምፅ ስላልነበረው፣ እኔን በመስታወት እያዩ ይጠብቃሉ፤ እስካስር ድረስ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። ካሜራማናችን «አባ ቀበቶ» ብሎ ስም አወጣላቸው፣ የድሮ ፈረሰኞች በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩት። ስሙን ጠልተውት አያውቁም። እንዲያውም ከግቢው በር ላይ አንድ ሰው በሙሉ ስማቸው ሲጠራቸው ዘወር ለማለት ይዘገዩ ነበር።

ሰው ቀበቶ የሚጠላው ሞትን ስለናቀ አይደለም የሚል እምነት ነበራቸው። ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ነው ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሳይታሰር የኖረ ቀበቶ አቧራና ላብ ይዞ ይከርማል፤ አንድ ቀን ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያስረው ደረቱ ላይ ጥቁር ጠባሳ ይተውለታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የፒክአፗን ቀበቶዎች በሙሉ ያጥቡ ነበር። እስከ መጨረሻው ይስቡትና ተመልሶ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል፣ ከዚያ በሳሙናና በብሩሽ አጥበው በሩን ከፍተው ፀሐይ ያስመቱታል። ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ የሳሙና ሽታ ነበር። ዛሬ የልብስ ሳሙና ሲሸተኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ልብስ አይደለም።

ሌላው ሕጋቸው ካሶኒው ላይ ሰው አለመጫን ነው። ይህ ከቀበቶው ይበልጥ የሚያስወቅስ ነበር። በገበያ ቀን ባዶ ፒክአፕ ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣን ሰው አልፎ መሄድ በእኛ አገር ነውር ነው። እሳቸው ደግሞ አያልፉም፤ ይቆማሉ። ከዚያ ጆንያውን ይጭኑና ባለቤቱን ይተዋሉ። ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጡለት ይስማማሉ፤ ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ነው። ባለቤቱ በእግሩ ወይም ባገኘው ነገር ሲደርስ ጆንያው ይጠብቀዋል። ይህን አሠራር በዞኑ ውስጥ ሌላ ሾፌር ሲያደርገው አላየሁም።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ድንቻቸው ከተጫነ በኋላ እግራቸውን ካሶኒው ላይ ሊያነሱ ሲሉ ሾፌራችን ከለከሏቸው። ሴትዮዋ በኦሮምኛ ጥቂት ከተናገሩ በኋላ እኛም እንድንሰማው ወደ አማርኛ መጡ።

«ኦቦ፣ እኔ ከድንቹ አነስኩ?»

«እናቴ፣ ድንቹ ቢወድቅ ይለቀማል። እርስዎ ቢወድቁ ለልጆችዎ ምን እላለሁ?»

ሴትዮዋ እንዳኮረፉ ቀሩ። ስንመለስ ግን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ «ገለቶማ» ብለው እጃቸውን አነሱልን። ካሜራማናችን ምስጋናው ለድንቹ ነው አለ።

ሐሮ ወንጪ ስንደርስ ሾፌራችን ከሁላችን ቀድመው ይወርዱና ደረታችንን ይመለከቱ ነበር። ብርዱ ፊት ይቆርጣል፤ ሐይቁ ከታች ይታያል፤ በርኖስ የለበሱ ሰዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው እንግዳ ይጠብቃሉ። እኛ ግን መጀመሪያ ለምርመራ እንቆማለን። ሰያፍ የሌለው ሰው ሻይ ይጋብዛል። ሁልጊዜ የሚያዘው ካሜራማናችን ነው። ጋቢና ተቀምጦ የገብሱን ማሳ በመስኮት ለመቅረጽ ወገቡን ማዞር ስለሚፈልግ፣ ሾፌራችን መንገድ መንገዱን ሲያዩ ቀበቶውን ከክንዱ ሥር ያሾልከዋል። ቁልፉ ስላልተፈታ መኪናዋ አትጮህም። ሲወርድ ግን ወገቡ ላይ ብቻ የቀረ ቁራጭ መስመር ይገኝበታል። መኪናዋን ማታለል ይቻላል፣ አቧራውን ግን አልቻልክም ብለው ይስቁበት ነበር። እሱም በአፋን ኦሮሞ እየተነጫነጨ ሻዩን ያዛል።

አራት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን። ሾፌራችን ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ በጥር ወር ይመስለኛል፣ ሐሮ ወንጪ ደረስን። እንደ ልማዳቸው ቀድመው ወረዱ፣ እንደ ልማዳቸው አዩን። የሁለታችንም ሰያፍ በቦታው ነበር። ጎሽ አሉን። ካሜራማናችን እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት። የሾፌራችን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከአንገትጌው እስከ ቁልፎቹ ድረስ ያለ ምንም መስመር ቡናማ ነበር።

በዚያ ቀን ማናችንም አልተናገርንም። ቀልዱ የእሳቸው ስለነበር በእሳቸው ላይ ማዞሩ ከበደን። ስንመለስ እሳቸው ጎማውን ሲመለከቱ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። ቀበቶው በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተዘርግቶ ተቆልፏል፤ ሰው የሌለበትን ወንበር አቅፎ ተቀምጧል። ከዚያ ገቡና ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ፤ በመስታወትም ወደ እኔ እያዩ፣ ታስረሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ታስሬያለሁ አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሸነን ሄድን፤ ያው ነበር። ከዚያ እንደገና ወደ ወንጪ። በዚህኛው ጉዞ ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ካሜራማናችን መኪናዋን ያቁሙልኝ አለ። የሚቀርጸው ነገር ያገኘ መስሏቸው ዳር ይዘው ቆሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ወርደውም ከጎማው ሥር ታኮ አስገቡ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ለታኮ የተጠቀሙበትን ድንጋይ መንገድ ላይ ትተው ስለሚሄዱ፣ እሳቸው የራሳቸውን የእንጨት ታኮ ይዘው ይዞሩ ነበር። ቀና ሲሉ ሁለታችንም ወርደን ከፊታቸው ቆመናል።

«አባ ቀበቶ» አለ ካሜራማናችን፣ «ሰያፍዎ የታለ?»

ኮታቸውን ዝቅ ብለው አዩት። ጨርቁ አሮጌ ስለሆነ አቧራ ያስገባል የሚል ነገር ጀመሩና ተዉት። መዋሸት አያውቁበትም ነበር። የኮታቸውን ቁልፎች፣ ከዚያም የሸሚዛቸውን ሁለት ቁልፎች ፈቱና የግራ ትከሻቸውን ገለጥ አደረጉት። ከአንገታቸው ሥር ጀምሮ ወደ ደረታቸው የሚወርድ፣ ደርቆ የጠቆረ የቁስል ምልክት ነበር፤ ልክ ቀበቶው በሚያልፍበት። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ነበር። ቁስሉ ድኗል፣ ሕመሙ ግን አለቀቃቸውም። ሐኪሙ ከወራት በኋላ ይሻላል ብሏቸዋል። እስከዚያ ድረስ ሸሚዝ ሲነካቸው እንኳ እንደ እሳት ነው፤ ቀበቶው ሲያርፍበትማ ዓይናቸው ይጨልማል።

ለምን ለመሥሪያ ቤት አልተናገሩም ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሱን ሳልጠይቅም ማወቅ ነበረብኝ። የታመመ ሾፌር ፈቃድ ይወጣል፤ ፈቃድ የወጣ ሾፌር ቁልፉን ያስረክባል፤ በመሥሪያ ቤታችን ያስረከቡት ቁልፍ ደግሞ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ አይመለስም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሾፌር ወገባቸውን ታመው ለትንሽ ጊዜ ያረፉ መስሏቸው ነበር፤ ጡረታቸውን የጠበቁት ግቢው በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ እንግዳ እየመዘገቡ ነው። ሾፌራችን ይህን በየቀኑ ሲያዩ ኖረዋል።

«አንድ ዓመት ነው የቀረኝ» አሉ። «ከመሪ ላይ ልውረድ። ከአግዳሚ ላይ መውረድ አልፈልግም።»

አንድ ሰው አህያ እየነዳ አለፈ፤ ሰላምታ ሰጠን፣ መለስን። እኔ በሥራዬ ነገሩን በየቦታው ከፋፍሎ ማየት ለምጄአለሁ። የእሳቸው ሕመም እውነት ነው። ፍርሃታቸውም እውነት ነው። ከፊታችን ያለው ቁልቁለት ደግሞ ሁለቱንም አያውቅም። ያሰብኩትን ከመናገሬ በፊት ካሜራማናችን ተናገረው፤ በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም።

«እኛን አስረውን እርስዎ በፊተኛው መስታወት በኩል ቢወጡ፣ መሪውን ማን ይይዝልናል?»

እኔ ደግሞ ሳያስሩ ከዚህ እንደማንነሳ፣ ማሰር ካልቻሉም ነገ ለኃላፊው የምናገረው እኔ እንደምሆን ነገርኳቸው። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ተናገሪ ልጄ፣ ሥራሽ ነው» አሉኝ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ይኼኔ ካሜራማናችን ወደ መኪናዋ ተመልሶ የካሜራውን ቦርሳ አወጣ። ከባድ ቦርሳ ስለሆነ ማንገቻው ላይ ትከሻ እንዳይቆርጥ ወፍራም ስፖንጅ አለው፤ ተጠቅልሎ የሚጣበቅ፣ ሲፈለግ የሚላቀቅ። ላቀቀው። የሾፌራችንን ቀበቶ ከወንበሩ ላይ ፈታ፣ ስፖንጁን ትከሻ ላይ በሚያርፈው በኩል ጠቀለለበት፣ ከዚያ በሩን ይዞ ቆመ። ልጅ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር የቆመው። ገብተው ተቀመጡ። ቀበቶውን በቀኝ እጃቸው ቀስ ብለው ሳቡት። ሲቆለፍ ጥርሳቸውን ነከሱ። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸውን በጥንቃቄ አንቀሳቀሱ።

«ጠርዙ ነበር የሚቆርጠኝ» አሉ። «አሁን አይቆርጥም። ያመኛል፣ ግን አይቆርጥም።»

ታኮውን እኔ አነሳሁ። እስከ አምቦ ድረስ ቀስ ብለን ወረድን። ግቢው ደርሰን ስንወርድ ደረታቸው ላይ ያለው መስመር ከስፖንጁ የተነሳ መዳፍ ያህል ሰፊ ነበር። ካሜራማናችን ዙሪያቸውን ዞሮ አያቸውና፣ «የእኛ የእግር መንገድ ነው፣ የእርስዎ አስፋልት» አለ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ለኃላፊው ያልተናገርኩት አስረው መንዳት ስለቻሉ ነው። ባይችሉ እናገር ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ሕመሙ ከክረምቱ ጋር እየቀለለ ሄደ። ስፖንጁ ግን ከቀበቶው ላይ አልወረደም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱም ይታጠብ ጀመር። ጡረታ በወጡበት ቀን ጠዋት ከጉደር መልሰውን፣ ቁልፉን ከመሪው ሥር ነቅለው ቀጥታ ለተተኪው ሾፌር እጅ ሰጡ። እንደፈለጉት ከመሪ ላይ ወረዱ። ስፖንጁን ላቅቀው ለካሜራማናችን ሲሰጡት አልቀበልም አለ። ያለሱ መሸከም ለምጃለሁ አለ። የካሜራው ቦርሳ ማንገቻ እስከ መጨረሻው ባዶውን ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተሠራ። ዛሬ ከአምቦ ሐሮ ወንጪ የሚሄድ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ እንደ ተቀመጠ ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል። እሰየው ነው፤ ስለዚያ መንገድ መበላሸት ስንት ጊዜ እንደዘገብኩ አውቃለሁ፣ አቧራው ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። ግን ሐይቁ አፋፍ ላይ ከመኪና ስወርድ እጄ ሳላዝዘው ደረቴን ይዳስሳል። ምንም የለም። ያሰረውም ያላሰረውም አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ ይወርዳል።

ፒክአፗ አርጅታ በጨረታ ተሸጠች። ባለፈው ዓመት ጉደር ገበያ ዳር ቆማ አየኋት። ቀለሟ ደብዝዟል፣ በሯ ላይ የነበረው የመሥሪያ ቤታችን ስም ተነስቶ ጥላው ቀርቷል። የሾፌሩ ቀበቶ ላይ፣ ቀለሙ የማይታወቅ እስኪሆን ቆሽሾ፣ ያ ስፖንጅ አለ። አዲሱ ባለቤት ጎልማሳ ነጋዴ ነው። ሞተር ሊያስነሳ ሲል ቀበቶውን ሳበና ቆለፈው፣ ትራፊክ በአካባቢው ሳይኖር። ተጠግቼ ሁልጊዜ ያስራሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ግራ እየተጋባ፣ ስፖንጅ አለው እኮ፣ ይመቻል አለኝ። ማን እንዳደረገው አያውቅም፤ ከመኪናዋ ጋር የመጣ ይመስለዋል።

በማግስቱ ሾፌራችን ቤት ሄድኩ። ቤታቸው አምቦ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ያንኑ ኮት ለብሰው። ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፦ ስፖንጁን፣ ነጋዴው ያለውን፣ ያለ ትራፊክ ማሰሩን። ፊታቸው በራ። ለካሜራማኑ ንገሪው አሉኝ። ነጋዴው የተናገረውን ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ። ከዚያ እንዳይጠይቁኝ ስፈራው የነበረውን ጠየቁኝ።

«ካሶኒው ላይስ ሰው ነበር?»

«ነበር» አልኩ። «ሦስት ሰዎች፣ ከድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠው።»

መንገዱን፣ የሚያልፉትን ባጃጆች ጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። በመዳፋቸው ኮታቸውን ከግራ ትከሻቸው ወደ ወገባቸው በሰያፍ ጠረግ አደረጉት፣ አቧራ ያለበት ይመስል።

«ድንቹን ብቻ ቢወስድላቸው» አሉ።